እርጥብ ሳር በሁለት በር

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት የምትጽፈው። እኔ ስናገር ትጽፋለች፣ ወሬው መንገድ ሲስትብኝ ደግሞ ብዕሯን አስቀምጣ እስክመለስ ትጠብቀኛለች።

ነገሩን ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ናቲ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሲመለስ ሁለት ፈረንጅ ጎረምሶች አይቶ መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈባት ጥቁር ነገር። በዚያ ፀሐይ ከረባት! ባለባጃጁ «ሞርሞን የሚባሉ ናቸው፣ ሃይማኖታቸውን ሊያስተምሩ ነው ከአገራቸው የሚወጡት» አለው። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ነው አሉ የሚሄዱት። አንዱ ሱቅ ሲገባ ሌላው ይከተለዋል። የሚበሉትም የሚጸልዩትም አብረው ነው፤ ቡናም አይቀምሱም አሉ።

«እማማ፣ ቢጣሉስ?» አለኝ ናቲ። «ቢጣሉም አብረው ነው የሚጸልዩት?»

ሳቄ መጣ። ይህችን ጥያቄ እኔም በሱ ዕድሜ ይዣት ዞሬያለሁ። መልሷን ያገኘሁት ግን ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

በማግስቱ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚኒባስ ስንወርድ ደግሞ የመንገድ ዳር ሳር ያጭዳሉ። ሽታው በመስኮት ገባ። እርጥብ ሳር፣ አሁን የተቆረጠ። በቃ፣ ሁሉም ተከትሎት መጣ።

በልጅነቴ የማውቃቸው የኔዎቹ ፈረንጆች ሞርሞን አልነበሩም፤ የሌላ ሚስዮን ናቸው። ያውም ሴቶች ነበሩ። ግን እነሱም ሁለት ናቸው፣ እነሱም ቡና አይቀምሱም፣ እነሱም ሳይጸልዩ ከደጅ አይወጡም ነበር።

አባቴ ቶማ ከካምባ ደጋ ወርዶ የግቢያቸው ዘበኛ ሆነ። ያኔ አርባ ምንጭ ከተማ ልትባል ገና እየተንጠራራች ነው። ግቢው ከሲቀላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ምንጮቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ፊት ለፊት የነሱ ቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላ የኛ ጎጆ። የኔ ሥራ ውሃ መቅዳት ነው። ማንም ቢፈልገኝ በዚያ ቁልቁለት ስወርድ ወይ ስወጣ ነው የሚያገኘኝ።

ረጅሟ ሚስ ሩት ትባላለች። ልጆች ታስተምራለች፣ ትዘምራለች። አጭሯ ሚስ ክላራ ናት፤ መርፌና መድኃኒት የሷ ነው። ሚስ ክላራ አማርኛ ተምራለች፣ ግን ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ነው የምታስኬደው። አባቴን «አቶ ቶማ፣ ነይ እስቲ!» ትለዋለች። አባቴ ሱሪውን ሳብ አድርጎ «መጣሁ» ይላል። እናቴ ከጎጆው ሆና «ሂጂ እንጂ አንቺ፣ ትጠራሻለች!» እያለች ታበሽቀዋለች። የኛም አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ቤታችን ጋሞኛ ነው። ስለዚህ ብዙ አንስቅባትም። ትንሽ ብቻ።

ጸሎታቸውን ማየት አልጠግብም ነበር። እናቴ አንድ ቀን ፎሰሴ ሠርታ ላከችላቸው፤ በቆሎው ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተድበልብሎ የሚቀቀለው፣ እናንተ ፊታችሁን የምታጨማድዱበት። ሳህኑን አስቀምጬ ዞር ስል ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሮጥኩ። «እማ፣ አስጠልቷቸዋል። ማየትም አልፈለጉ» አልኳት። እናቴ በማግስቱ ቅቤ ጨምራ ላከች። አሁንም ጨፈኑ። «እንግዲህ ከቅቤ በላይ ምን አለኝ?» ብላ ተናደደች።

መኪናዋም ነበረች። ወደ አባያ ዳር መንደሮች ሊሄዱ ሲሉ መኪናዋ ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ደፍተው ያንሾካሹካሉ፤ ከዚያ ትነሳለች። አባቴ ካላከበሯት እንደማትነሳ ገባው። ከዚያ ወዲያ በአጠገቧ ሲያልፍ ባርኔጣውን ያወልቅ ጀመር። ዝናብ ቢሆንም ያወልቃል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጠዋቱ ነው። እንስራዬን በረንዳው ላይ ሳወርድ በመስኮት ይታዩኛል። ጠረጴዛ መሃል አድርገው ፊት ለፊት ይንበረከካሉ። አንደኛዋ በቋንቋቸው ትናገራለች፣ ሌላዋ ታዳምጣለች። ከዚያ ደግሞ ያቺ ትናገራለች።

በኛ በጋሞዎች ዘንድ ሰው ተንበርክኮ ካያችሁ እርቅ አለ ማለት ነው። ሽማግሌው እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ ይንበረከካል። የተቀየመው ሰው ያንን ሳር ረግጦ አያልፍም። እሺ ሲል ደግሞ የተንበረከከውን በክንዱ ይዞ ያነሳዋል። ሲያነሳው ነው ነገሩ ያለቀው። ጸሎት እንደሆነ ያኔ በኛ ቤት አባቴ ከበሩ ወጥቶ ወደ ደጋው ዞሮ የሚያጉተመትማት ናት፤ እሷም በቁሙ።

ታዲያ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተንበርክከው ሳይ ምን ልበል? ተጣልተዋል አልኩ። በየጠዋቱ ይለማመናሉ፣ በየጠዋቱ አልሆን ይላቸዋል። እንዴትስ ይሁን? በእጃቸው ሳር የለም። ሲጨርሱም ማንም ማንንም አያነሳም። እያንዳንዷ ጉልበቷን ይዛ ብቻዋን ትነሳለች።

ሌላም ምልክት ነበረኝ። መስኮቱ አንድ ቀን ወለል ብሎ ነው የማገኘው፣ አንድ ቀን ጥርቅም ብሎ። ሚስ ክላራ ደግሞ አልጋዋን ከሚስ ሩት ክፍል አስወጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ አስወሰደች። ዕቃ ቤቱ በጓሮ በኩል፣ ወደኛ ጎጆ የሚከፈት የራሱ በር አለው። አባቴ አልጋውን ተሸክሞ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል «ሙቀቱ ነው፤ እዚያ ይቀዘቅዛል ብላ ነው» አለ። እናቴ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ ጣሪያ ቀና ብላ አየች።

እንግዲህ በዚያ በጋ ነው ወንድሜ የታመመው። አጎታችሁ ታደሰ። አዎ፣ ይሄ አሁን በር በጎን የሚገባው! ያኔ ጡት ከጣለ ገና ነው፣ እጁ እንደ ጭራሮ የቀጠነ።

ወባ ነው። የአባያ ወባ ከደጋ ለወረደ ሰው ርኅራኄ የለውም። ሚስ ክላራ መራራውን ኪኒን ፈጭታ በማር ትሰጠዋለች። ይሻለዋል፣ ይጫወታል፣ ደግሞ ይመለስበታል። በተመለሰ ቁጥር ልጁ ያንሳል። እናቴ ከሱ በፊት ሁለት ቀብራለች። ሦስተኛውን እንደማትችለው እኔ ልጅቷ እንኳን አውቃለሁ። አባቴም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ቀልዱ የጠፋው።

አንድ ጠዋት ልጁን እንደታቀፈች «ከማን ጋር ተኳርፈሃል?» አለችው።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ይሄ ጎሜ ነው። ኪኒኑ ያስወጣውን አንድ ነገር መልሶ ያስገባዋል።»

ጎሜ የምንለው ያልታረቀ ጠብ ባለበት፣ ሕግ በተጣሰበት ቤት የሚገባ ጣጣ ነው። ትልልቆቹ ያጠፋሉ፣ ሕፃኑ ይከፍላል።

«ኧረ ከማንም!» አለ አባቴ። «መኪናዋን እንኳን ባርኔጣ አውልቄ ነው የማልፈው።»

«ካምባ ያለው ወንድምህስ?»

«መስቀል ላይ አብረን በላን እኮ፤ አንቺው አይደለሽ ያቀረብሽልን?»

እናቴ አሰበች። «እንግዲህ ከኛ ካልሆነ ከግቢው ነው። ባንድ አጥር ውስጥ ነው ያለነው፣ የምንጠጣውም አንድ ውሃ ነው» አለች።

«እማ፣ ሚስ ሩትና ሚስ ክላራ ይሆኑ?»

«ዝም በይ! እነሱ የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው።»

«የእግዚአብሔር ሰው አይጣላም?»

አባቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቅ አመለጠው። «ይጣላል» አለ፣ «ግን ድምፅ አያሰማም።»

«ሳር ሳይያዝ የሚታረቁትስ እርቅ ነው?»

«እሱ ምን እርቅ ነው?» አለች እናቴ፣ ሐሳቧ ልጁ ላይ ሆኖ። ሌላ አልጠየቅኩም። የሚበቃኝን አግኝቻለሁ።

በጋ ነው አልኳችሁ። ሜዳው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጢም ነጥቷል። እርጥብ ሳር ያለው ታች ምንጮቹ ዳር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው። እዚያ ደግሞ ዝንጀሮ አለ፤ ዝንጀሮ ሴት ልጅ ብቻዋን ካየ አይፈራም፣ ቁጭ ብሎ ያይሻል እንደ ባለ ሥልጣን። እኔም እሱን እያየሁ፣ እሱም እኔን እያየ፣ ሳሬን ነጨሁ። ውሃው እንዳይፈናጠቅ እንስራው አፍ ላይ ቅጠል እናደርግ የለ? ሳሩን እንደዚያ አድርጌ ከላይ ደፋሁት። ማንም ምንድነው አላለኝ።

አንዱን እስር በፊት ለፊት በሚስ ሩት ደጃፍ፣ አንዱን በጓሮ በሚስ ክላራ ደጃፍ አስቀመጥኩ። ውሃውን አራግፌ ስመለስ የእናቴ ፍየል የሚስ ክላራን ጨርሳ የሚስ ሩትን ጀምራለች። አስቡት፣ ወንድሜን ሊያድን የመጣ ሳር! አባርሬ አባርሬ አልበቃኝም። እናቴ «ፍየሏ ምን አደረገችሽ?» ትላለች። ምን ልበላት?

ከዚያ በኋላ በሩ እጀታ ላይ አሰርኩት፤ ፍየል አይደርስም። ሚስ ሩት ከወፍ ጋር ነው የምትነሳው። በሯን ከፈተች፣ ሳሩን ፈታ በእጇ ያዘች፣ ወደ ዕቃ ቤቱ በኩል ብዙ አየች፣ ገባች። ሚስ ክላራ ዘግይታ ወጣች። አሸተተችው። ግራ ቀኝ አየች፤ እኔ ከማገዶው ኋላ ነኝ። እሷም ይዛው ገባች።

ደስ ብሎኝ ለጸሎቱ ሰዓት መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ተንበረከኩ፣ እጃቸው ግን ባዶ ነው! ሳር ተቀብሎ ባዶ እጅ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው አልኩ። ግን አልተውኩም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በየጠዋቱ አሰርኩ። ሳሩ ስለት አለው፤ ጣቶቼ ተተለተሉ። እናቴ ስትጠይቀኝ «እንስራው ነው» አልኳት። እንስራ ጣት እንደማይቆርጥ ታውቃለች፣ ግን ልጁ ነበር የያዛት።

አንድ ቀን ከውሃ ስመለስ የሚስ ክላራ ሻንጣ በረንዳው ላይ ቆሟል። አባቴ መኪናዋን ያጥባል፤ ባርኔጣው መሬት ላይ ነው።

«ሚስ ክላራ ነገ ባውሮፕላን ትሄዳለች» አለ ዝቅ ብሎ።

«ለዕረፍት ነው?» አለች እናቴ።

«ሻንጣው የዕረፍት አይመስልም።»

«ልጄንስ ማን ይወጋዋል?»

«ሚስ ሩት አለች…»

«ሚስ ሩት የምታውቀው መዝሙር ነው፣ ቶማ! መዝሙር!»

ያን ቀን ታደሰ ማልቀስ አቁሞ ነበር። ልጅ ሲያለቅስ ቤቱ ይረበሻል፤ እንዲያ ሆኖ ዝም ሲል ግን ከልቅሶውም ይብሳል። እናቴ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ነው የዋለችው።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ ወረድኩ። ዝንጀሮውም አልነበረም፣ ወይ እኔ አላየሁትም። እጄ እስኪደማ ነጨሁ። ትልልቅ እስር ሠርቼ በሁለቱም በር አሰርኩና እንስራዬን እንደተሸከምኩ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሚስ ሩት ጠረጴዛው ጋ ቆማለች። ሳሩ በእጇ ነው! ሚስ ክላራ በውስጥ በር ገባች፤ የመንገድ ጫማ አድርጋለች፣ ሳሩ በእጇ ነው! ተያዩ። ሁለቱም ተንበረከኩ። ሁልጊዜ አንዷ ትጀምራለች፤ ያን ቀን ማንም አልጀመረም። አንገቴን ሰግጌ እጠብቃለሁ፣ ውሃው በጀርባዬ ይወርዳል። ከዚያ ሚስ ክላራ ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ዞራ ሄደች፣ ሚስ ሩትን በክንዷ ይዛ ብድግ አደረገቻት።

አነሳቻት!

እንስራው ምን እንደሆነ አላውቅም። ስሮጥ ከኋላዬ ሲፈነዳ ብቻ ሰማሁ። «እማ! ታረቁ! ታረቁ!» እያልኩ ጎጆ ገባሁ።

«እንስራዬን!» አለች እናቴ መጀመሪያ። ከዚያ «ማን?» አለች።

ሳልመልስላት ሚስ ክላራ በዚያ የመንገድ ጫማዋ፣ የመድኃኒት ቦርሳዋን ይዛ ገባች። ሚስ ሩት መርፌ የተቀቀለበትን ድስት ይዛ ከኋላዋ። አንዷ ወጋችው፣ አንዷ እግሩን ያዘች። ከዚያ አልጋው ወዲህና ወዲያ ተንበረከኩ። እናቴ ቆማ አየቻቸው። «ቶማ፣ እኔም ልንበርከክ?» አለች። አባቴ «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ» አለና ራሱ ቀድሟት ተንበረከከ። እኔም ቀኑን ሙሉ ጨርቅ እያራስኩ አቀብላለሁ። ከሰዓት አውሮፕላኑ በላያችን ጮኾ አለፈ። ሚስ ክላራ ቀና ብላም አላየች።

ማምሻውን ታደሰን ላብ አሰመጠው። በማግስቱ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን አየ፣ እናቴን አየ፣ «ሙዝ» አለ። ሙዝ! እናቴ እስከዚያ ጠብታ እንባ ያልወጣት ሴት፣ እየሳቀች ታለቅስ ጀመር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሙዙን ላጠለት። እግዜር ይመስገን፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሲበላ አላቆመም።

አልጋው ከዕቃ ቤቱ ወደ ሚስ ሩት ክፍል ተመለሰ። ተሸካሚው ያው አባቴ ነው።

«ሙቀቱ አለቀ?» አለች እናቴ።

«አለቀ» አለ አባቴ እያለከለከ።

ሻንጣው በረንዳው ላይ ተረሳና ዶሮ እንቁላል ጣለችበት። መስኮቱም ከዚያ ወዲያ ገርበብ እንዳለ ኖረ፤ ወለልም አይል፣ ጥርቅምም አይል። ጎረቤት ሁሉ ታደሰን ሊያይ ሲመጣ እናቴ ስለ መርፌውና ስለ ጸሎቱ ታወራለች። እኔ የሳሩን ነገር ለማንም ሳልነግር ጣቶቼን አያለሁ። ቆስለው ሲሽሩ ያሳክካሉ፤ ያ ማሳከክ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ኋላ ዘመኑ ተለዋወጠ፣ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሄዱ። የመሃሉን ልተወው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ሴቻ ቸርች መጥታለች፣ የቶማን ልጆች ትፈልጋለች አሉን። ሚስ ክላራ! በምርኩዝ ናት፣ ይብስ አጥራለች። ታደሰን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አንቺ ነሽ ያቺ ትንሽዋ?» አለችው። ታደሰ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ልክ እንደ አባቱ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

አባያ ቁልቁል በሚታይበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስለዚያ በጋ አነሳሁላት። «ልትሄጂ ነበር እኮ» አልኳት።

«ልሄድ ነበር» አለች። «ከሩት ጋር ተጣልተን ነበር። ሕጋችን አብራችሁ ጸልዩ ይላል፣ እንጸልያለን። ከጸሎት ስንነሳ ግን አንነጋገርም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመስኮት» አለች፣ ሳቋ ቀደማት። «እሷ ይከፈት፣ ይሞቃል። እኔ ይዘጋ፣ ትንኝ ይገባል። መስኮት! ለዚያ ነው አውሮፕላን ያስጠራሁት።»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

ምርኩዟን በሁለት እጇ ያዘች። «ሩት የናንተን ወግ ታውቅ ነበር። በየጠዋቱ በሬ ላይ እርጥብ ሳር ታስር ጀመር። በኩራት ስንት ቀን ዝም አልኳት። በመጨረሻው ቀን ግን ሳሩ ላይ ደም አየሁ። እጇን ቆርጧታል፣ ለኔ ብላ። ደም ያለበትን ሳር ረግጬ እንዴት ልሂድ?»

ጣቶቼን በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ቁስሉ ያለ ይመስል። «ሚስ ሩትስ ደህና ናት?» አልኩ።

«ሩት አርፋለች» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው አብረን ኖርን። ግን ይህን ነገር ገልብጣ ነበር የምታወራው። በየጠዋቱ በሬ ላይ ሳር እያሰርሽ የለመንሽኝ አንቺ ነሽ እያለችኝ ሞተች።»